የሶናታ ሐሳብ ከየት ይጀምራል? ስለ ክላሲካል ሙዚቃ ቅርጽና ስለ ስያሜው ታሪክ

መግቢያ

በተማሪነታችን ዘመን የገጠመን አንድ የፈተና ጥያቄ እስከ ዛሬ ከአእምሯችን አልወጣም። የቤትሆቨን የፒያኖ ሶናታ፣ ኦፐስ 31 ቁጥር 2፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ኖታ ተሰጠንና «ዋናው ሐሳብ የሚጀምርበትን ባር በቁጥር አመልክት» የሚል ትእዛዝ ቀረበልን። እኛ 21ኛውን ባር ጻፍን። መምህሩ በቀይ ቀለም ሰርዘው በላዩ «1» ብለው ጻፉበት። ቅር ብሎን ምክንያቱን ልንጠይቅ ብንሄድ «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ከማለት በቀር መልስ አላገኘንም። ከብዙ ዓመታት በኋላ በተራችን መምህር ሆነን ያንኑ ኖታ ለተማሪዎቻችን ስናቀርብ፣ ገሚሶቹ 1ኛውን፣ ገሚሶቹ 21ኛውን ባር ጻፉ። ሁለቱም ወገኖች ለመልሳቸው በቂ ምክንያት ነበራቸው። ስሕተቱ የእኛም የመምህራችንም ሳይሆን የጥያቄው እንደ ነበር የተገነዘብነው ያን ጊዜ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ጥያቄ ስለ ምን ጎደሎ እንደ ነበር ማሳየት ነው። የምናቀርበው ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በሐይደን፣ በሞዛርትና በቤትሆቨን ሥራዎች ውስጥ አንድ የሙዚቃ ሐሳብ ጀመረ የሚባለው አዲስ ዜማ ስለ ተሰማ ብቻ አይደለም። መጀመሪያን መጀመሪያ የሚያሰኘው ከእርሱ በፊት የተደረገው ዝግጅትና ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ማረጋገጫ ነው። «አንደኛ ሐሳብ፣ ሁለተኛ ሐሳብ» የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ስያሜ ግን የተደላደለው ሦስቱም ሊቃውንት ካለፉ በኋላ ሲሆን፣ ስያሜው ሥራውን ቀሎ እንዲታይ አድርጎታል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃላት አጠቃቀማችን ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን የተለመደው «ጭብጥ» የሚለው ቃል የአንድን ድርሰት ጠቅላላ መልእክት ስለሚያመለክት፣ እዚህ «ሐሳብ» የሚለውን መርጠናል። ሙዚቃው የሚመሠረትበትንና የሚመለስበትን የድምፅ ሥርዓት «ቃና» ብለነዋል፤ መነሻው «መነሻ ቃና»፣ ከእርሱ አምስተኛ ድምፅ ላይ የሚቆመው ደግሞ «አምስተኛው ቃና» ነው። «ባር» ስንል በኖታ ላይ በቋሚ መስመር የተከፈለውን የምት ክፍል፣ «ማሳረፊያ» ስንል የዜማውን ዐረፍተ ነገር የሚዘጋውን የኮርዶች ቅደም ተከተል ማለታችን ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሶናታ ቅርጽ ባጭሩ ሦስት ክፍሎች አሉት። በማቅረቢያው ክፍል ሙዚቃው ከመነሻ ቃናው ተነሥቶ ወደ ሌላ ቃና፣ ብዙውን ጊዜ ወደ አምስተኛው፣ ይጓዛል። በማስፋፊያው ክፍል ቃናዎች ይለዋወጣሉ፤ የቀረበው ነገር ይበታተናል፣ ይጋጫል። በመመለሻው ክፍል ሁሉም በመነሻ ቃናው ይሰበሰባል። በእኛ አገር የክራር ደርዳሪ ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ በፊት ትዝታ ወይም ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ መሆኑን በቅኝቱ ያሳውቃል፤ ዘፈኑም እንደ ልማዱ በዚያው ቅኝት ይዘልቃል። በዚህ ጆሮ ያደገ ሰው ሶናታን ሲያዳምጥ ቀድሞ የሚፈልገው ዜማውን ነው። የሶናታው ዋና ጉዳይ ግን ከአንዱ ቃና ወደ ሌላው የሚደረገው ጉዞ ነው። እኛም በመጀመሪያ የሳትነው ይህንኑ ነበር።

ነገሩ ከስሙ ቀድሞ መኖሩ

ሞዛርት በ1791፣ ሐይደን በ1809፣ ቤትሆቨን በ1827 ሲሞቱ «የሶናታ ቅርጽ» የሚለው ስያሜ ዛሬ በምናውቀው ትርጉሙ ገና የትምህርት ሥርዓት አልሆነም ነበር። በእነርሱ ዘመን የነበሩ ጸሐፊዎች ስለ ጉዳዩ ሲጽፉ በተለየ ቋንቋ ይናገሩ ነበር።

ከእነዚህ መካከል ግንባር ቀደሙ በጀርመን አገር በሩዶልሽታት ቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ የነበረው ሐይንሪክ ክሪስቶፍ ኮክ ነው። ኮክ ከ1782 እስከ 1793 በሦስት ቅጾች ባሳተመው የድርሰት መማሪያ መጽሐፉ ሙዚቃን እንደ ንግግር አድርጎ ይተነትናል። ለእርሱ የአንድ ምዕራፍ የመጀመሪያ ክፍል አንድ ትልቅ ዐረፍተ ነገር ነው፤ የሚለየውም በውስጡ ባሉት ማቆሚያዎች ነው። አንዳንዱ ማቆሚያ እንደ ነጠላ ሰረዝ፣ አንዳንዱ እንደ ድርብ ሰረዝ፣ የመጨረሻው እንደ አራት ነጥብ ነው ብንል ከአሳቡ አንርቅም። ኮክ በቅድሚያ የሚነግረን እያንዳንዱ ሐረግ በየትኛው ቃና ላይ እንደሚያርፍ ነው። በአምስተኛው ቃና ከሚደረግ ማረፊያ በኋላ ዘለግ ያለ፣ ለዘፈን የቀረበ ሐረግ ብዙ ጊዜ እንደሚመጣ ያመለክታል። ሆኖም «ሁለተኛ ሐሳብ» ብሎ የሕንጻው ምሰሶ አላደረገውም።

በጣሊያን አገር ደግሞ የቫዮሊን ተጫዋቹ ፍራንቸስኮ ጋሌያትሲ በ1796 በሮም ባሳተመው የመጽሐፉ ሁለተኛ ቅጽ የመጀመሪያውን ክፍል በሰባት ብልቶች ይከፍለዋል። ከእነርሱ አንዱ በመካከል ለውበት የሚገባ፣ ለስለስ ያለ «ጠባየ ልዩ ምንባብ» ነው። ጋሌያትሲ ከኮክ ይልቅ ለዜማ ጠባይ ቦታ ሰጥቷል። ቢሆንም ይህ ብልት ከሰባቱ አንዱ ብቻ ነው፤ ከዋናው ሐሳብ ጋር ጎን ለጎን የሚቆም ባላንጣ አይደለም።

ለውጡ የመጣው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ነው። በፕራግ የተወለደው፣ የቤትሆቨን እኩያና በቦን ኦርኬስትራ ባልደረባው የነበረው አንቶን ራይኻ፣ በፓሪስ ኮንሰርቫቶሪ ሲያስተምር በ1826 በወጣው መጽሐፉ ላይ ስለ ሁለት «እናት ሐሳቦች» ጻፈ። ቀጥሎም በ1845 አዶልፍ በርንሃርድ ማርክስ የድርሰት ትምህርት መጽሐፉን ሦስተኛ ቅጽ በማሳተም የሶናታን ቅርጽ በስሙ ጠርቶ አደላደለው። ይህ የእኛ ትውልድ በወጣትነቱ ስሙን ጠዋትና ማታ ይጠራው የነበረው ማርክስ አይደለም፤ የበርሊን ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ፕሮፌሰር ነው። ቢሆንም ሁለቱም ማርክሶች ከሄግል አገር አስተሳሰብ የወረሱት ነገር አለ፤ ይኸውም ነገሮችን በተቃራኒዎች ግጭትና መዋሐድ የማየት ልማድ ነው። አዶልፍ ማርክስ ዋናውን ሐሳብ ኃይለኛና ወንዳዊ፣ ሁለተኛውን ለስላሳና ሴታዊ አድርጎ ገለጸ። የቤትሆቨን ተማሪ የነበረው ካርል ቸርኒም ብዙ ሳይቆይ የራሱን የድርሰት መማሪያ አውጥቶ ትምህርቱን አስፋፋው።

በዚህ መንገድ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ትልቅ ለውጥ ተደረገ። የኮክ አንባቢ «ሙዚቃው የት ያርፋል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የማርክስ አንባቢ «የትኛው ዜማ አንደኛ፣ የትኛው ሁለተኛ ነው?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ መንገድ ነው፤ ሁለተኛው ስለ መንገደኞች ነው። ማርክስ መልካም መምህር እንደ ነበርና የቃናውንም ጉዞ እንዳልዘነጋ አይካድም። ዳሩ ግን ትምህርቱ በየመማሪያ መጽሐፉ ሲገለበጥ የቀረው ስያሜው ብቻ ሆነ።

ዝግጅቱ መጀመሪያን እንደሚሠራ

አሁን ወደ ሥራዎቹ እንለፍ። ከሁሉ ለጀማሪ የሚቀርበው የሞዛርት የፒያኖ ሶናታ በሲ ሜጀር፣ ኮሸል 545፣ ነው፤ ሞዛርት በ1788 በራሱ መዝገብ ላይ «ለጀማሪዎች» ብሎ አስፍሮታል። ፒያኖ ለመማር የሞከረ ሁሉ የሚያውቀው ዜማ አራት ባር ይሰማል፤ ከዚያ የቀኝ እጅ ወደ ላይና ወደ ታች በሚሮጡ ድምፆች ይመላለሳል። በ12ኛው ባር ሙዚቃው በጂ ኮርድ ላይ ቀጥ ይላል። ይህ ገና የሲ ሜጀር ግማሽ ማሳረፊያ ነው፤ እንደ ጥያቄ አየር ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ነው። ከአጭር ፋታ በኋላ የግራ እጅ በ13ኛው ባር አጃቢውን ብቻ ያሰማል፤ በ14ኛው ባር ሁለተኛው ዜማ በጂ ሜጀር ይገባል። ጥያቄ የነበረው ኮርድ ሳይለወጥ ቤት ሆነ።

የዚህ ዘዴ ጥበብ የሚታየው በመመለሻው ክፍል ነው። እዚያም ሙዚቃው በዚያው የጂ ኮርድ ላይ በዚያው ዓይነት ይቆማል፤ አሁን ግን የሚከተለው ዜማ በሲ ሜጀር ነው። አንድ ዓይነት ማቆሚያ ሁለት የተለያዩ መጀመሪያዎችን ወለደ። በመጀመሪያው ጊዜ ጥያቄው በአዲስ አገር ተመለሰ፤ በሁለተኛው ጊዜ ጥያቄው በቤቱ ተመለሰ። እንግዲህ የሁለተኛው ሐሳብ መጀመሪያ በ14ኛው ባር ነው ብንል ዜማውን በትክክል እናመለክታለን። ነገር ግን 12ኛው ባር ባይኖር 14ኛው ባር ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አይኖረውም ነበር።

በዚያው ዓመት ሞዛርት በጨረሰው በ40ኛው ሲምፎኒ፣ በጂ ማይነር፣ ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ ወደ ቢ ፍላት ሜጀር እየገሠገሠ ደርሶ ይቆማል፤ አንድ ሙሉ ባር ዝምታ ይሆናል፤ በ44ኛው ባር የሁለተኛው ሐሳብ ለስላሳ ዜማ ይወርዳል። በኋላ ዘመን ያሉ ተመራማሪዎች ይህን ማቆሚያ «መካከለኛ ቁርጠት» ይሉታል። ያ የዝምታ ባር ምንም ድምፅ የለበትም፤ ነገር ግን በማቅረቢያው ክፍል ውስጥ እንደ እርሱ ተግባሩን በግልጽ የሚናገር ሌላ ባር አናገኝም። ለሰሚው «ያለፈው አልፏል፣ አዲሱን ተቀበል» ይለዋል።

ዝግጅቱ መጀመሪያን የሚሠራ ለመሆኑ ትልቁን ማስረጃ የሚሰጠን ግን ሐይደን ነው። በ1795 በለንደን በቀረበው በመጨረሻው ሲምፎኒው፣ በ104ኛው፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ዋና ሐሳብ በዲ ሜጀር ይቀርባል። መሸጋገሪያው አልፎ ኤ ሜጀር ላይ ስንደርስ አዲስ ዜማ እንጠብቃለን። የሚመጣው ያው የመጀመሪያው ዜማ ነው። በማርክስ ሚዛን ቢመዘን ይህ ሥራ ሁለተኛ ሐሳብ የለውም፤ ጎደሎ ነው። ሰሚው ግን ምንም አይጎድልበትም፤ ዜማው አሮጌ ቢሆንም ቦታው አዲስ ስለሆነ እንደ መጀመሪያ ይሰማዋል። በ1772 በጻፈው በ45ኛው ሲምፎኒ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጓል፤ በማቅረቢያው ክፍል የነፈገንን አዲስና ጨዋ ዜማ በማስፋፊያው ክፍል መካከል በዲ ሜጀር ያመጣዋል። አዲስ ዜማ ባለበት ቦታ «ሁለተኛ ሐሳብ» የለም፤ «ሁለተኛ ሐሳብ» በሚገባው ቦታ አዲስ ዜማ የለም።

ቤትሆቨንም በ1808 ለመጀመሪያ ጊዜ በቪየና በተሰማው በአምስተኛው ሲምፎኒ ላይ ለፈታኞች ችግር ትቶ አልፏል። በመጀመሪያው ምዕራፍ በ59ኛው ባር ቀንደ መለከቶች ብቻቸውን ይጮኻሉ፤ በ63ኛው ባር ቫዮሊኖች ለስላሳውን ዜማ ይጀምራሉ። ጩኸቱ ዐዋጅ ነው ወይስ የዐዋጁ ቃል ራሱ? አራት ድምፅ ያለው የመክፈቻው ምት በውስጡ አለ፤ ከለስላሳው ዜማ ሥርም በዝቅተኞቹ የባለ ክር መሣሪያዎች ያው ምት ማንኳኳቱን አያቆምም። ባር ቆጣሪው 59 ወይም 63 ብሎ ለመምረጥ ይገደዳል፤ ሙዚቃው ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም።

በመጨረሻ መጀመር

እስካሁን ያየነው የሁለተኛውን ሐሳብ መጀመሪያ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ከፊቱ ምንም የለምና የእርሱ መጀመሪያ አያሻማም የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ሐይደን ይህንንም እርግጠኝነት አላስቀረልንም።

በ1781 ከጻፋቸው ኦፐስ 33 ከሚባሉት ስድስት ኳርቴቶች መካከል በጂ ሜጀር ያለው አምስተኛው የሚከፈተው በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ በሚሰማ የሁለት ባር ማሳረፊያ ነው። አንድ ሰው ከቤት ገብቶ ገና ሳይቀመጥ «እንግዲህ ደኅና ሁኑ» እንደሚል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዋናው ዜማ ይነሣል። ያ የስንብት ሐረግ ውሎ አድሮ በተፈጥሮ ቦታው፣ በመዝጊያ ላይ፣ ተመልሶ ሲመጣ ሰሚው ይሥቃል፤ ቀድሞ ሰምቶት ያልገባው አሁን ገባው። በዚያው ስብስብ የመጀመሪያው ኳርቴት ቢ ማይነር ነው ቢባልም መክፈቻው ዲ ሜጀር ይመስላል፤ ሰሚው የት እንደ ቆመ የሚያውቀው ጥቂት ባሮች ካለፉ በኋላ ነው። እንግዲህ ቃናው ከየት ጀመረ? ጆሯችን ያለፈውን ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም ግድ ይሆንበታል።

የሞዛርት 40ኛው ሲምፎኒ መክፈቻም ይህን መሰል ነው። ዜማው ከመግባቱ በፊት ቪዮላዎች አጃቢውን ማሰማት ይጀምራሉ። አንድ ባር እንኳ አይሞላም፤ ቢሆንም ሰሚው የገባው ቀድሞ በተጀመረ ነገር መካከል እንደ ሆነ ይሰማዋል።

በቤትሆቨን ሦስተኛ ሲምፎኒ ደግሞ መጀመሪያ ከጊዜው ቀድሞ ይመጣል። በማስፋፊያው ክፍል መጨረሻ፣ ቫዮሊኖች ገና የዝግጅቱን ኮርድ እያርገበገቡ ሳሉ፣ አንድ ቀንደ መለከት በ394ኛው ባር ዋናውን ሐሳብ በመነሻ ቃናው ይጀምራል። ኦርኬስትራው በትክክል የሚመለሰው ከአራት ባር በኋላ በ398ኛው ነው። በመጀመሪያው ልምምድ ላይ የነበረው ተማሪው ፈርዲናንድ ሪስ፣ ተጫዋቹ የተሳሳተ መስሎት መቁጠር አይችልም ብሎ ቢናገር ከቤትሆቨን በጥፊ ለመመታት ለጥቂት እንደ ተረፈ በ1838 በታተመው ትዝታው ተርኮታል። ሪስ መጥፎ ሙዚቀኛ አልነበረም። የተሳሳተው ሥርዓቱን ጠንቅቆ ስላወቀ ነው፤ ዝግጅት ሳያልቅ መጀመር እንደሌለበት ጆሮው ይነግረው ነበር። ቤትሆቨንም የጻፈው ይህን የሚያውቅ ጆሮ እንዲደነግጥ ነው።

የስደተኛው መምህር ስምንት ባሮች

ሐሳብ ከውጭ በዝግጅት እንደሚበጅ ካየን፣ ከውስጥስ መጀመሪያነቱ በምን ይታወቃል? ለዚህ ጥያቄ ዘመናዊ መልስ በመስጠት ረገድ ትልቅ ድርሻ ያለው አርኖልድ ሸንበርግ ነው። ሸንበርግ በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከበርሊን ተሰድዶ ወደ አሜሪካ ገባ፤ በካሊፎርኒያም የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። ከቪየና ይዞት የመጣውን ጥልቅ ትምህርት፣ መሠረታዊ ዝግጅት ለሌላቸው ተማሪዎች፣ በኋላ በተማረው ቋንቋ ማስረዳት ነበረበት። የዚህ ድካም ፍሬ የሆነው የድርሰት መሠረታውያን መጽሐፉ የታተመው በ1951 ከሞተ በኋላ፣ በ1967 ነው። በሰው አገር በሰው ቋንቋ ለሚያስተምር ሁሉ የዚህ መጽሐፍ ግልጽነት ትምህርት ይሆነዋል፤ ስደቱ ዕውቀቱን አላቀለለበትም፣ አጠራለት እንጂ።

ሸንበርግ ከሚጠቀምባቸው ምሳሌዎች አንዱ የቤትሆቨን የመጀመሪያ የፒያኖ ሶናታ፣ ኦፐስ 2 ቁጥር 1፣ የመክፈቻ ስምንት ባሮች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ባሮች አንድ አጭር ነገር ይባላል። በቀጣዮቹ ሁለት ባሮች ያው ነገር በሌላ ኮርድ ላይ ይደገማል። ከዚያ የቀሩት አራት ባሮች ያንን ነገር እየቆረጡ፣ እያሳጠሩ፣ እያጣደፉ ወደ ግማሽ ማሳረፊያ ያደርሱታል። ሁለት፣ ሁለት፣ አራት፤ መናገር፣ መድገም፣ ማቀጣጠል። እዚህ ላይ መጀመሪያነት የቦታ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጠባይ ጉዳይ መሆኑን እናያለን። የመጀመሪያው አራት ባር የረጋ ነው፣ ያስተዋውቃል፤ የኋለኛው አራት ባር የተጣደፈ ነው፣ ወደ መድረሻ ይገፋል። ሁለቱን ብናቀያይር ጆሯችን ወዲያው ይቃወማል።

ይህን መንገድ የሸንበርግ ተማሪ የነበረው ኤርቪን ራትስ በቪየና፣ ከእርሱም በኋላ ዊልያም ካፕሊን በ1998 ባወጣው መጽሐፍ አስፋፉት። በካፕሊን አስተያየት ሐሳብን ሐሳብ የሚያደርገው መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ የሚሆኑ ተግባራት በውስጡ መኖራቸው ነው። በሌላ በኩል ጄምስ ሄፖኮስኪና ዋረን ዳርሲ፣ በመጀመሪያ በ1997 ባወጡት ጥናት፣ ቀጥሎም በ2006 ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ፣ መካከለኛው ቁርጠት ከሌለ ሁለተኛ ሐሳብ የለም እስከ ማለት ደርሰዋል። አንዱ ወገን ከውስጥ፣ ሌላው ወገን ከበር ላይ ይመለከታል። በእኛ አስተያየት ክርክሩ ሁለቱንም ጠቅሟል፤ ኮክ በ1793 ያነሣውን ጥያቄ ከማርክስ ስያሜ ሥር ቆፍረው አውጥተዋልና። ቀደም ብለው እንግሊዛዊው ዶናልድ ቶቪ፣ በ1971 በታተመው ስለ ክላሲካል ስልት በሚናገረው መጽሐፉም አሜሪካዊው ቻርልስ ሮዝን፣ ቅርጽን እንደ ቃናዎች ድራማ እንጂ እንደ ሣጥን ማየት እንደማይገባ አጥብቀው አስገንዝበዋል። ሱዛን መክለሪ ደግሞ በ1991 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የወንድና የሴት ሐሳብ የሚለው አነጋገር ተራ ምሳሌ ሳይሆን የማኅበራዊ ሥልጣን አሻራ ያለበት መሆኑን አሳይታለች።

ወደ 21ኛው ባር መመለስ

አሁን ወደ ፈተናችን እንመለስ። ቤትሆቨን በ1802 የጻፈው ይህ ሶናታ የሚከፈተው በዝግታ በሚዘረጋ የኤ ሜጀር ኮርድ ነው። ሶናታው ግን ዲ ማይነር ነው። ኮርዱ ደግሞ በመሠረቱ ላይ አልቆመም፤ ከሥሩ ሲ ሻርፕ ይዟል። ከዚያ ፈጣን ሐረግ ይመጣል፤ በ6ኛው ባር ይቆማል። በ7ኛው ባር ዝግተኛው ኮርድ በሲ ሜጀር ይደገማል፤ ፈጣኑም ይመለሳል። ይህ ሁሉ መግቢያ ይመስላል፤ የዝግጅት ጠባይ አለው። በ21ኛው ባር ዲ ማይነር በሙሉ ማሳረፊያ ይደረስበታል፤ ያ የተዘረጋ ኮርድ አሁን በግራ እጅ በኃይል እየዘለለ ይወጣል፣ ከላዩም የልመና ድምፅ ይመልስለታል። «እነሆ ዋናው ሐሳብ!» የማይል ሰሚ የለም። ተማሪ ሆነን 21 ብለን የጻፍነው በዚህ ምክንያት ነበር።

ነገር ግን ይህ «ዋና ሐሳብ» ሳይረጋ መጓዝ ይጀምራል፤ ከዲ ማይነር ወጥቶ ወደ ኤ ማይነር ያመራል፤ በ41ኛው ባርም ለሁለተኛው የሐሳብ ክልል በር ይከፍታል። ሥራው የመሸጋገሪያ ሥራ ነው። የባሰው ነገር፣ በማስፋፊያው ክፍል በኤፍ ሻርፕ ማይነር ተነሥቶ ከተንገላታ በኋላ በመመለሻው ክፍል በቦታው የለም። የሚመለሰው ያ ዝግተኛ ኮርድ ነው፤ ያውም ብቸኛ ድምፅ እንደ ንባብ የሚያዜም ሐረግ ተጨምሮበት። ዋና ሐሳብ ከሆነ እንዴት ሳይመለስ ይቀራል? መምህራችን 1 ያሉትም እንግዲህ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ምክንያቱን አልነገሩንም እንጂ።

ጀርመናዊው የሙዚቃ ታሪክ ሊቅ ካርል ዳልሃውስ በ1987 ስለ ቤትሆቨን ባሳተመው መጽሐፍ ችግሩን በጥሩ ሁኔታ አስቀምጦታል። በእርሱ አመለካከት መክፈቻው ገና ሐሳብ አልሆነም፤ 21ኛው ባር ደግሞ ከሐሳብነት አልፏል። በሁለቱ መካከል ሐሳቡ ራሱ የሚገኝበት ነጥብ የለም። ጃኔት ሽማልፌልድ በ1995 ባወጣችው ጥናት ይህንኑ ከሄግል የመሆን ሂደት ጋር አዛምዳ አስፋፋችው፤ መግቢያ የመሰለው ወደ ኋላ ሲታይ ዋና ሐሳብ ይሆናል፣ ዋና ሐሳብ የመሰለው መሸጋገሪያ ይሆናል። እኛ የዳልሃውስን ሐሳብ ከነሙሉ ፍልስፍናው ባንቀበለው እንኳ ጆሯችን እውነትነቱን ይመሰክራል። ሙዚቃ በጊዜ ውስጥ ስለሚሄድ፣ አንድ ነገር መጀመሪያ መሆኑ የሚታወቀው የሚከተለው ነገር ከመጣ በኋላ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተባለውን ስናጠቃልል፣ የክላሲካል ሶናታ ሐሳብ በሦስት ነገሮች ይጀምራል። አንደኛ፣ ከፊቱ ያለው ማሳረፊያ፣ ማቆሚያ ወይም ዝምታ ቦታውን ያዘጋጅለታል። ሁለተኛ፣ በውስጡ ያለው የመናገርና የመድገም እርጋታ መጀመሪያነቱን ያስታውቃል። ሦስተኛ፣ በኋላ የሚመጣው ጉዞና ማረፊያ ያጸድቅለታል፣ ወይም ይሽርበታል። ብዙ ጊዜ ሦስቱ ይስማማሉ፤ ያን ጊዜ ጥያቄውም መልሱም ቀላል ነው። ታላላቆቹ ሥራዎች ግን አንዱን ከሌላው በማጋጨት ይጫወታሉ። በእነዚህ ላይ የባር ቁጥር ብቻ የሚጠይቅ ፈተና ሙዚቃውን ሳይሆን መጽሐፉን ይፈትናል።

እኛ በታሪክ ጥናት የተሠማራን ሰዎች ከዚህ የምንማረው ነገር ያለ ይመስለናል። የአንድን ዘመን ወይም የአንድን እንቅስቃሴ መጀመሪያ ዓመት ስንወስን፣ የምንወስነው ፍጻሜውን አውቀን ነው። በጊዜው የነበሩት ሰዎች እንደ ሪስ በዝግጅቱ መካከል ቆመው ነበር፤ የሰሙትን የቀንደ መለከት ድምፅ ስሕተት ነው ቢሉ አይፈረድባቸውም። ከኋላቸው የመጣ ጸሐፊም እንደ ማርክስ ስም ሲያወጣ ሥራው ያስመሰግነዋል፤ ስሙ ነገሩን እንዳይሸፍነው መጠንቀቅ ግን የእርሱም የእኛም ዕዳ ነው።

ያን የፈተና ወረቀት እስከ ዛሬ አስቀምጠነዋል። አሁን ለተማሪዎቻችን የምናቀርበው ጥያቄ «ዋናው ሐሳብ በየትኛው ባር ይጀምራል?» የሚል አይደለም። «21ኛው ባር ላይ ስትደርስ ምን የጀመረ መሰለህ? 41ኛው ላይ ስትደርስስ አሳብህን ለወጥህ ወይ? ስለ ምን?» ብለን እንጠይቃለን። መልሱን ለማረም የሚወስድብን ጊዜ እጥፍ ሆኗል፤ በቀይ ቀለም የምንሰርዘው ግን እምብዛም ነው።